ጥናቱ የማን ነው? ከጄኔቫ እስከ ደብረ ዘይት

በቪዲዮ ሲወራ ቶሎ የሚያልፍ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ በጽሑፍ መጥተናል።

ኦርሊኮን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ አገር ቤት ስላለ ዘመድ የኩላሊት ሕመም በስልካችሁ አንድ ነገር ፈለጋችሁ እንበል። ጎግል ጥሩ የሚመስል ጥናት ያመጣላችኋል። ርዕሱንና አጭር መግለጫውን ካነበባችሁ በኋላ ግን ለቀሪው 35 ዶላር አካባቢ ክፈሉ ትባላላችሁ። ጥናቱን የሠሩት ሐኪሞች ከዚህ ገንዘብ ሳንቲም አያገኙም። ጽሑፉን የገመገሙት ምሁራንም ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው የደከሙት። የምርምሩን ወጪ ደግሞ በብዛት የሸፈነው ግብር ከፋዩ ነው፤ እዚህ ሠርታችሁ የምትኖሩት እናንተም ጭምር። ብሩ የሚገባው አሳታሚው ካዝና ነው።

ክፍት ተደራሽነት የሚባለው እንቅስቃሴ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናትና መረጃ ሕዝቡ ያለ ክፍያ ያንብበው ነው የሚለው። ጄኔቫ በዚህ ረገድ ባለውለታ ከተማ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልን።) ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ቲም በርነርስ-ሊ እዚያ እየሠራ የፈጠረውን ዌብ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ለማንም በነፃ ለቀቀው። በ2002 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሂናሪን ጀመረ። በሂናሪ የኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ውድ መጽሔቶችን በነፃ ያነባሉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን አጥሩ እንዳለ ነው፤ ለተወሰኑ ተቋማት ቁልፍ ተሰጣቸው እንጂ። በተቋም ያልታቀፈ ሰው ቁልፉ አይደርሰውም።

አሁን ወደ ጤፍ እንምጣ፤ ነገሩ በደንብ የሚገባን እዚያ ላይ ነው። በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ይገባኛል ብሎ አመለከተ፣ አገኘም። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያስፈጩት፣ ሲያቦኩት የኖሩት ጤፍ ማለት ነው! መብቱ በሆላንድ የተሰረዘው የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የፈጠራ መብት የሚሰጠው ነገሩ አዲስ ከሆነ ነው። መርማሪው አዲስ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው በአብዛኛው ቀድሞ የታተመ ነገር ፈልጎ ነው። በቃል ብቻ የኖረ፣ ወይም ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የተቆለፈ እውቀት እዚያ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ አይቀርብም። በግልጽ የታተመ ጥናት ግን ማስረጃ ይሆናል።

በባቡር ከዙሪክ አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በርን፣ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ያሉበት የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጸደይ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ዘረመል አንብቦ በ2014 አሳተመ። የታተመውም ማንም በነፃ በሚያነበው መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ ደብረ ዘይት ያለ የጤፍ ተመራማሪ እንደ በርኑ ሰው እኩል ያነበዋል። እኩል የሚያነበው ግን የዘር ኩባንያውም ጭምር ነው። "ታዲያ ክፍት ማድረጉ ለማን ጠቀመ?" የሚል ሰው ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በዚህ ምክንያት ነው በ2025 የካሊ ፈንድ የተቋቋመው፤ በኮምፒውተር ከተቀመጠ የዘረመል መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ለፈንዱ ድርሻ እንዲያዋጡ ይጠይቃል። መዋጮው በፈቃደኝነት ስለሆነ እኛ ብዙ አንጠብቅበትም።

ሌላም ጣጣ አለ። አንባቢው በነፃ ሲያነብ ብዙ መጽሔቶች ክፍያውን ወደ ጸሐፊው ያዞሩታል። ኔቸር የተባለው ዝነኛ መጽሔት በ2020 ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል አስታውቋል። በኢትዮጵያ መምህር ደመወዝ አስቡት! ብዙ አሳታሚዎች ለድሃ አገር ተመራማሪ ክፍያውን ያነሳሉ፤ ግን ምሕረት እየጠየቁ ማሳተም ደስ አይልም።

አገር ቤት በመስከረም 2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ጥናቶችና መረጃዎች ለሕዝብ ክፍት ይሁኑ ይላል። ጥሩ ፖሊሲ ነው፤ በአፍሪካም ቀደም ካሉት አንዱ ነው። ግን በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ ብዙ የአማራ አካባቢዎች ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው እንደነበር ታውቃላችሁ። ኔትወርክ የሌለው ተማሪ ምን ክፍት ሆነለት?

እናንተ ግን መንገድ አላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ስለ ሰፈራችሁም ጥናት ልታገኙበት ትችላላችሁ። ክፈሉ የሚል ጥናት ሲገጥማችሁ ርዕሱን ገልብጣችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ነፃ ቅጂ ይገኛል። ካጣችሁ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ዙሪክ ያላችሁ ደግሞ የዙሪክ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ለማንም ክፍት ነው፤ ከኦርሊኮን በባቡር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የላይብረሪ ሠራተኞቹንም ጠይቁ።