ላት፣ ጅራት፣ ጭራ

በይፋግ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ወገቡን ይዳብሳል፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ላቱን ይመዝናል። «ጅራቱን» አይልም። ጅራት የውሻና የበሬ ነው። ጭራ ጠጉሩ ነው፤ የዝንብ ማባረሪያውም የመሰንቆው ክርም ከፈረስ ጭራ ይሠራሉ። ላት ግን በበግ ጅራት አጥንት ግራና ቀኝ ስብ የሚጠራቀምበት ክፍል ስም ነው።

ቃሉ ጥንታዊ ነው። ግዕዝ ጅራትን በጠቅላላው ዘነብ ይለዋል፤ ዕብራይስጥና ዓረብኛም ከዚሁ ሥር ይጠሩታል። ለበግ ስባም ጅራት ግን ሁለቱም አልያ የሚል የተለየ ቃል አላቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን 3፥9 ስለ በግ መሥዋዕት በተደነገገው ውስጥ የሚገኘው የዕብራይስጥ ቃል ይኸው ነው። የእኛ ላትም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራል።

ይህ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ላት የበጉ ጎተራ ነው፤ ክረምት ወጥቶ ሣር ሲትረፈረፍ ይሞላል፤ በበጋ መኖ ሲጠፋ በጉ ከዚያው እየቀነሰ ይኖራል። ገበሬው በመጋቢት «ላቱ ሟሸሸ» ቢል የሚነግረን በአብዛኛው የመኖ እጥረትን ነው። ያንኑ በኅዳር ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ መንጋው በጣና ዳርና በፎገራ ረግረግ የሚሰማራ ከሆነ በመጀመሪያ የጉበት ትል ይጠርጠር፤ የእንስሳት ሐኪምም ይጠራ። በመዝገብ ላይ «ጅራት፦ ደህና» ተብሎ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ወሬ ይጠፋል።

ዝርያ ለመለየትም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የሰሎሞን ግዛው ጥናት የአገራችንን በጎች በ9 ዝርያ ሲከፍል የጅራት ዓይነት አንዱ መለያ ነበር። የደቡብ ጎንደሩ ፋርጣ አጭር ላት ካላቸው ወገን ነው፤ የሆሮ በግ ላቱ ረጅም፣ የጉሙዝ በግ ጅራቱ ቀጭን ነው።

ለማዳቀል የሚያስቡ ማኅበራት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያገራችን አውራ በግ የሴቷን ላት ገፋ አድርጎ መስረር ያውቅበታል። እንደ ዶርፐር ካለ ቀጭን ጅራት ዝርያ የመጣ አውራ ግን ላቷ በወፈረ በግ ይቸገራል። እንዲህ ሲሆን እረኛው ሴቷን ይዞ ላቷን በእጁ ወደ ጎን ያንሳላት፤ የተሰረረችበትንም ቀን ይመዝግብ።