ከማሳ እስከ ማዕድ፦ የፎገራን ምግብና መጠጥ ተከትሎ የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ

(ወረታ) ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ወረታ ላይ የሚቆመው ተሳፋሪ ለማውረድ ወይም ሽንኩርት ለመግዛት ነው። ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ በሁለት ታላላቅ የጎብኚ ከተሞች መካከል ተቀምጣ ለብዙ ዓመታት የሚያልፈውን መኪና ከመቁጠር በቀር ያተረፈችው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጣናን ገዳማት ያየ እንግዳ የፋሲልን ግንብ ለማየት ሲጣደፍ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ምን እንደሚበላበትና ምን እንደሚጠጣበት ቆም ብሎ አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተፈጠረው የፀጥታ ችግር ምክንያት የውጭ ጎብኚ ቁጥር እጅግ ቀንሷል።

ይህ ዘጋቢ በሩዝ አጨዳ ወቅት በአንድ የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ መሪነት፣ ከሦስት የባሕር ዳር ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ሜዳውን በእግርና በባጃጅ ዞሯል። የጉዞው ዓላማ የገበሬውን ማዕድ ተከትሎ ከማሳ ወደ ምጣድ፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ድስት መሄድ ነበር። እንዲህ ያለው ጉብኝት ለገበሬው ቤተሰብ ተጨማሪ ገቢ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውንም ጥያቄ ይዘን ነበር የተነሣነው።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በጉማራና በርብ ወንዞች ግራና ቀኝ የተነጠፈ ጥቁር መሬት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው ይወጣሉ፤ ጥቁሩ አፈርም ውሃውን ቶሎ ስለማያሰርገው ሜዳው ሌላ ሐይቅ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው እንዳፈናቀለ ይታወሳል። በዚህ የተነሣ መሬቱ ቀድሞ በከብቱ እንጂ በእህሉ የሚነሣ አልነበረም። በሜዳው ላይ የዱር ሩዝ መታየቱ ግን ባለሙያዎችን አሳሰበ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተገኙበት፣ በደራ ወረዳ የጅግና እንዲሁም በፎገራ የሻጋ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ መዝራት ጀመሩ። ዛሬም በገበሬው ዘንድ የሚወደደው “ኤክስ ጅግና” የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ማኅበራቱ በደርግ ዘመን ማብቂያ ሲፈርሱ ዘሩ በገበሬው እጅ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳውን አለበሰው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በፎገራ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን የአምስት ልጆች እናት ከሆኑ የአንድ ገበሬ ባለቤት ቤት ነበር። መሪያችን ከደጅ ሆኖ “እንደምን ዋሉ እናቴ?” ሲል፣ “ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ ልጆቼ” ብለው ተቀበሉን። ወዲያው መሶቡ ተከፈተ። ሁለት ዐይነት እንጀራ ነበረበት፤ አንዱ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ሌላው ሩዝ ብቻ። የሩዙ እንጀራ እንደ ነጠላ ነጭ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ በቁንጅናው ተስባ ወደ እርሱ ስትዘረጋ፣ ባለቤቲቱ ሣቅ ብለው ሩዝ ብቻውን ትኩሱን እንጂ ሲያድር እንደሚደርቅ፣ ጤፍ ሲገባበት ግን ልስላሴው እንደሚቆይ አስረዱ። እርሳቸው ለሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ ነበር የሚቀላቅሉት፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የሩዙ እጅ እየበዛ መምጣቱን አልደበቁም። ይህ ዘጋቢ ሁለቱንም ቀምሷል፤ ለወጥ የሚያምረው ቅልቅሉ ነው ይላል።

ከዚያ ጠላው ቀረበ። በዚህ ሜዳ ጠላም አረቄም ከሩዝ ይወጣል። በወፍጮ የተሰባበረው ሩዝ በገበያ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ዱቄቱ ቂጣ ሆኖ ተጋግሮ ይፈረፈራል። አስቀድሞ ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባል፤ ቀጥሎ የተፈረፈረው ቂጣ ተጨምሮ ይደፈደፋል። ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ከቀናት በኋላ ውሃ ተሞልቶ ሲጠል፣ ከገብሱ ጠላ ይልቅ ፈዘዝ ያለና ለጉሮሮ የማይከብድ መጠጥ ይወጣል። አረቄውን በተመለከተ፣ ገና ብዙ መንገድ ስለቀረን ከመቅመስ አላለፍንም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። አንድ ጋን ጠላ ለእንግዳ እስኪቀርብ ድረስ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መፍጨት፣ መጋገርና ማጥለል አለ። ይህ ሁሉ የሚወድቀው በሴቷ ጫንቃ ላይ ነው። የሩዙ አረምም ቢሆን ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነውና ሴቶችና ልጆች ከማሳው አይለዩም። ታዲያ ጉብኝት ሲመጣ በዚህ ላይ ተጨማሪ ሸክም እንዳይሆን፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ነገሩ ግን ከዚያም ይጠብቃል። ስንነሣ ሒሳብ እንክፈል ብንል ባለቤቲቱ ፊታቸው ተለወጠ። “እንግዳ በልቶ ከፈለ ሲባል ጎረቤት ምን ይለኛል?” አሉ። ገንዘቡን ለትንሿ ልጅ ብንሰጥ ሮጣ መለሰችው። በመጨረሻ መሪያችን መላ መታ፤ ከጎተራቸው ሩዝ ገዝተን በገበያው ዋጋ ከፈልን። ለሩዝ ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለምና ተቀበሉ።

ይህን ስንመለከት የጣሊያን ገበሬዎች ልምድ ትዝ ይለናል። በዚያ አገር ጎብኚው ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወረ የገበሬውን የወይን ጠጅ፣ አይብና የወይራ ዘይት ይቀምሳል፤ እዚያው ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሕግ ይህን ሥራ “አግሪቱሪዝሞ” ብሎ ሲደነግግ፣ እንግዳ መቀበሉ ለእርሻው ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳይሆን አስገድዷል። ገበሬው ገበሬ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው።

ወይንስ ቢባል፣ አገራችን ለወይን ባዕድ አይደለችም። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ የሚገኘው የይፋግና የእንፍራንዝ አካባቢ በቀድሞ ዘመን በወይን ተክሉ ይታወቅ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ያለፈው እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም የዚህን አገር ወይን ሳያነሣ አላለፈም። ዛሬ ግን በዚህ መንገድ የሚቀዳው ጠላና ጠጅ ነው።

ወደ ሐይቁ ስንወርድ ከብቶች የሩዝ ገለባ ሲግጡ አየን። የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ቀንዱ አጭር፣ ጠባዩ ገራም፣ ረግረግ የለመደ ዝርያ ነው፤ ላሟም በወተቷ ትመሰገናለች። ነገር ግን ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥና ከሌላ ዝርያ ጋር ሲደባለቅ ንጹሑ ዝርያ እየተመናመነ መጥቷል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ጣቢያ ዝርያውን ለማቆየት ሲሠራ ኖሯል። በቀመስነው አይብ ስንደሰት፣ ያ አይብ የወጣባት ላም ድቅል መሆኗን መሪያችን ነገረን።

ሐይቁ ዳር ቀረሶ በዘይት ተጠብሶ ቀረበልን፤ በአዋዜ በላነው። አምባዛም ነበር። ነጭ አሳ የሚባሉት ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ሲወጡ፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ባስ ሲልም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተንባቸዋል። እናቱን በእንቁላሏ ወቅት የሚያጠምድ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ድስቱን እየደፋ ነው። በዚያ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ የታየው እምቦጭ ለጀልባና ለመረብ መተላለፊያ ሲነፍግ ቆይቷል። በጎብኚ ፊት የሚጠበስ አሳ በየትኛው ወር እንደተያዘ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

በመልሳችን፣ ከታጨደው ሩዝ ሥር በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ሲዘራ አየን። ከእንግዶቹ አንዱ የጓያ ሽሮ ልቅመስ አለ። መሪያችን ፈገግ ብሎ፣ ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም እንደማያሰጋ፣ በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን እንደሚያሽመደምድ ነገረው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፤ በሽታው መድኃኒት የለውም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። እንግዳው ሽሮውን ተወው።

ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ የሚገኘውን አውራ አምባን ለማየት ጊዜ አልበቃንም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ፣ በሰላሙ ጊዜ አስጎብኚ መድቦ፣ የመግቢያ ዋጋ ወስኖ፣ የሽመና ውጤቱን ሲሸጥ ቆይቷል። እዚያ የአልኮል መጠጥ የለም። እንግዳን በወግ ተቀብሎ ዋጋን በግልጽ መናገር ሁለቱም ባንድ ቤት እንደሚያድሩ ለመማር ግን ከወረታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፎገራ እናቶችም በማኅበር ቢደራጁና ዋጋው በማኅበሩ ደብተር ቢወሰን፣ እጅ በእጅ የመቀበሉ ሐፍረት የሚቀር ይመስለናል።

ማታ ወረታ ከተማ ገብተን ራት አዘዝን። የምግብ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሩዝ በአትክልት ብለን ስንጠይቅ የመጣው ረጅምና ቀጭን፣ ከውጭ አገር በከረጢት የገባ ሩዝ ነበር። አስተናጋጁን ምነው ብንለው፣ የአገሩ ሩዝ በወፍጮ እንደሚሰባበርና እንግዳ እንደማይወደው ነገረን። የስብርባሪው ነገር እውነት ነው፤ አደራረቁና ያረጁት መፈልፈያዎች ብዙ ያጠፋሉ። ከመስኮቱ ማዶ ግን የሩዝ ወፍጮዎቹ ገና እየሠሩ፣ የገለባው ክምር በመብራት ውስጥ ይታይ ነበር።

ከባሕር ዳር የመጣችው እንግዳ ጠዋት ከባለቤቲቱ የገዛችውን ሩዝ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ውሃው ስንት እጅ እንደሚገባበት መሪያችንን ስትጠይቅ አመሸች።