ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐጅ የሚጓዙ ሰዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ቀደም ባለው ዘመን ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ለሐጅ የሚነሳ ሰው በዘይላ ወደብ በኩል በመርከብ ተጉዞ ጅዳ ይደርስ ነበር። ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን የሰዓታት ጉዳይ ሆኗል። ሆኖም ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬና ከቶጎ ውጫሌ ለጉዞው ከሚዘጋጁት መካከል ከዚህ ቀደም አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ አረጋውያን ይገኛሉ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከምዝገባ ነው። በአገራችን የሐጅ ጉዞን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። ከብቱን ሸጦ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ክፍያውን ለደላላ በእጅ መስጠት የለበትም፤ ምክር ቤቱ በሚያሳውቀው አሠራር ከፍሎ ደረሰኙን መያዝ ይኖርበታል።

ፈቃድ ማግኘት ለሕይወትም ዋስትና ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በተካሄደው ሐጅ በመካ የሙቀት መጠኑ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ያስታወቀ ሲሆን፣ ከእነዚህም 83 በመቶ የሚሆኑት ፈቃድ ያልነበራቸውና ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ናቸው።

ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የነዋሪዎቿ ሰውነት ለእንዲህ ያለ ሙቀት የተለማመደ አይደለም። ስለዚህ ጥም እስኪሰማ ሳይጠብቁ ውኃ መጠጣት፣ ጃንጥላ መያዝ፣ እንዲሁም በተቻለ መጠን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ሥር መቆየት ይመከራል። የራስ መዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ጥላ ገብቶ እርዳታ መጠየቅ አለበት።

የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ ያለበት ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱም ይጠየቃል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒታቸውን ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አይደለም። 14፡00 የሚል ጽሑፍ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ይህንን ባለመረዳት በረራ እንዳያመልጥ ትኬቱን ለሚያውቅ ሰው ማስነበብ ይበጃል። ለስንቅ የተያዘ ቅቤና ማር በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ መቀስና ቢላም እንዲሁ። በአንጻሩ የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ጆሮን የሚይዘው ስሜት ምራቅ በመዋጥ ይቀላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጫት ነው። በአካባቢያችን በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም፣ በሳዑዲ ዐረቢያ የተከለከለ ዕፅ በመሆኑ ይዞ መገኘት ለእስራት ይዳርጋል። ዘመድም ይሁን ጎረቤት «አድርስልኝ» ብሎ የሚሰጠውን ዕቃ ውስጡን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

በመጨረሻም ተጓዡ የቡድን መሪውን ስልክ ቁጥርና ያረፈበትን ሆቴል ስም በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ። በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል መንገድ የጠፋበትን አረጋዊ ወደ ወገኖቹ የምትመልሰው ይህች ወረቀት ልትሆን ትችላለች።