ሱፐር ግሉውን ከመክፈታችሁ በፊት፦ የተሰበረ የመኪና ፕላስቲክ ጆሮ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል?

ሱማሌ ተራ ያገለገለ የፊት መብራት ሲሸጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሻጩ ፊቱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ካደረገ በኋላ ዕቃውን ገልብጦ ጀርባውን ያሳያል፤ «ጆሮው ሙሉ ነው፣ እየው» ይላል። ገዢም ዓይኑን የሚጥለው እዚያው ላይ ነው። መብራቱን ከመኪናው ጋር የሚያስረው ያ ቁራጭ ፕላስቲክ ከተሰበረ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ዋጋው ይወርዳል።

ፓራውልቱም፣ የክሩስኮቱ ሽፋንም፣ የበሩ የውስጥ ፓኔልም፣ የሞተር ሥር መከለያውም እንደዚሁ ነው። ትልቁ አካል ሳይነካ አንዲት ጆሮ ወይም ምላስ ትሰበርና ዕቃው መንጓጓት ይጀምራል፤ ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ በእጃችን ያለውን ቪትዝና ኮሮላ ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ይህን ጥገና እኔ ቤቴ እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «የቱ ማጣበቂያ ይሻላል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ፕላስቲኩ ምን ዓይነት ነው? የተሰበረችውስ ጆሮ ምን ሥራ ነበራት? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ማጣበቂያው ራሱ ይመረጣል።

🔎 ፕላስቲኩን መለየት

ዕቃውን ገልብጡና ጀርባውን በስልክ መብራት ፈልጉ። በሁለት የቀስት ጫፎች መካከል የታተሙ የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ። «ፒፒ» ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፓራውልት ባብዛኛው ከዚህ ይሠራል፤ እንዳይሰባበር የጎማ ዘር ይደባለቅበታል። የፊት መብራት የጀርባ ቤትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ «ቲ 20» ወይም «ቲዲ 20» የሚል ካለ፣ 20 በመቶው ታልክ የተባለ የማዕድን ዱቄት ነው ማለት ነው። «ኤቢኤስ» የሚለው በፊት ግሪል፣ በስፖኪዮ ሽፋንና በክሩስኮት ጌጦች ላይ ይበዛል። «ፒሲ» ፖሊካርቦኔት ነው፤ የመብራቱ የፊት «መስታወት» ከእሱ ይሠራል። «ፒኤ» ደግሞ ናይለን ነው።

ፊደሉ ካልታየ የሚፈትኑበት መንገድ አለ። ከስብራቱ ጫፍ ትንሽ ቅራፊ ቁረጡና ውኃ ውስጥ ጣሉት። ንጹሕ ፒፒ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስ፣ ናይለንና ፖሊካርቦኔት ይሰጥማሉ። ታልክ የበዛበት ፒፒ ግን ስለሚከብድ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ከሰጠመ ሁለተኛ ፈተና ጨምሩ፤ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አሴቶን አድርጉበት። ኤቢኤስ ከሆነ ወዲያው ይልሳል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ፒፒ ከሆነ ምንም አይሆንም። የመብራቱን መስታወት ግን በአሴቶን እንዳትነኩት፤ ይደፈርሳል፣ ይሰነጠቃልም። አሴቶኑ የመኪናውን ቀለምም ያበላሻል።

🧴 ሱፐር ግሉ ለምን ይከዳል?

ሱፐር ግሉ በመጥፎ ስም የተነሳው ባላጠፋው ጥፋት ነው። ኤቢኤስ ላይ ጥሩ ይይዛል። ፒፒ ላይ የማይይዘው ገጹ ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ነው። ውኃ ጠብ ብታደርጉበት አይዘረጋም፤ ተሰብስቦ ይቆማል። ማጣበቂያውም እንደዚያው ገጹን ሳይዘው ከላይ ይደርቅና ሲነኩት ልጥ ብሎ ይነሳል። ማጣበቂያው ቢወደድም ገጹ ካልተዘጋጀ ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስሌት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ጆሮ ስትሰበር የሚጣበቀው ገጽ 30 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያችን የምታህል ቦታ የመብራቱን ክብደትና የመንገዱን ንዝረት እንድትሸከም መጠየቅ ከባድ ነው። ከጀርባ ግን ስብራቱን ተሻግሮ ወዲህም ወዲያም 10 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ድጋፍ ብታደርጉበት፣ በእያንዳንዱ ወገን 100 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚይዝ ገጽ ታገኛላችሁ። ስለዚህ በምንም ዘዴ ብትጠግኑ ጀርባውን ደግፉ።

⚙️ ጆሮዋ ቆማ ትይዛለች ወይስ ታጥፋ ትነክሳለች?

በብሎን የምትታሰር ጆሮ ሥራዋ አለመነቃነቅ ነው። እሷን በጠንካራ ነገር ማጠናከር ይቻላል፤ ብረት ቢገባባትም አይጎዳም።

ሲገፏት ታጥፋ «ጧ» ብላ የምትገባ ምላስ ግን መተጣጠፍ አለባት። በኤፖክሲ ወይም በሱፐር ግሉ ካደረቃችኋት በሚቀጥለው ጊዜ ስትገፏት እዚያው ትሰበራለች። ለእሷ የሚሆነው በራሷ ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ ነው። ያ ካልተቻለ ምላሷን እርሷትና ዕቃውን በሌላ መንገድ እሰሩት፤ በማይታይ ቦታ ትንሽ ቪቴ አስገቡ፣ ቀላል ጌጥ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ባለሁለት ፊት ተለጣፊ ይበቃዋል።

🔥 ፒፒን መበየድ፦ የፊት መብራት ጆሮ

የታላቅ እህቴን ቪትዝ ላይ የሠራሁትን ልውሰድ። የመብራቱ የላይኛዋ ጆሮ ከሥሯ ተቆርጣ ነበር፤ ቁራጯ ግን አልጠፋችም። ቁራጭ ካልጠፋ ሥራው ግማሽ አለቀ።

የሚያስፈልገው የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኞች የሚይዙት ካውያ ነው፤ ከ40 እስከ 60 ዋት ይበቃል። ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሩ። ፒፒ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጫፉ በጣም ከጋለ ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ ይቃጠላል። ጭስ ከበዛና ቀለሙ ከጠቆረ ሙቀቱን ቀንሱ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ።

መሙያው የግድ ፒፒ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚሻለው የአሮጌ ፓራውልት ቁራጭ ነው። ሰፈራችሁ ያለውን ባቲላሜራ ብትጠይቁት «ውሰድ እንጂ ጋሼ፣ ማን ይፈልገዋል» ይላችኋል። እንደ እስክሪብቶ ቀፎ በቀጠነ ዘንግ ቁረጡት። ካጣችሁ ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ዕቃ ፒፒ ነው፤ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ግን ተዉት። እሱ 2 ቁጥር ነው፣ ፖሊኢትሊን፤ ከፒፒ ጋር አብሮ የቀለጠ ይመስላል እንጂ ሲበርድ ይላቀቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. አምፖሉን አውጡ። ዕቃውን በሳሙና አጥቡ፣ አድርቁ፣ ስብራቱን በአልኮል ጥረጉ። ቅባት ካለ ብየዳው አይይዝም።

2. ቁራጯን በቦታዋ ግጠሙና ፊቷን በፕላስተር እሰሩ። ከተቻለ ከዚህ በፊት ከመኪናው ጋር አስተያዩት፤ የብሎን ቀዳዳው ትንሽ ከተዛባ መብራቱ ሰማይ ወይም መሬት ያያል።

3. በካውያው ጫፍ ስንጥቁን ተሻግራችሁ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ያዙት። ይህ ጊዜያዊ ማሰሪያ ነው።

4. በስንጥቁ ላይ እስከ ውፍረቱ ግማሽ የሚደርስ ቦይ ክፈቱ። መሙያው የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው።

5. ዘንጉንና የዕቃውን ገጽ አብራችሁ አቅልጡ፣ አማስሉትም። ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው። የቀለጠ ዘንግ በቀዝቃዛ ገጽ ላይ ማንጠባጠብ ሻማ ማንጠባጠብ ነው፤ በጥፍር ይነሳል። ከታች ያለው ሲያብረቀርቅና ሲልስ ነው መሙያው የሚጨመረው።

6. ከማይዝግ ሽቦ ከተሠራ የሻይ ማጥለያ ላይ ስብራቱን የሚሻገር ቁራጭ ወንፊት ቁረጡ። ከጀርባ አስቀምጡና በካውያው ተጫኑት፤ ፕላስቲኩ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ይስመጥ። ከዚያ በመሙያ ሸፍኑት።

7. በራሱ ይብረድ። ውኃ አትርጩበት፣ አትንፉበትም። ሲበርድ ሌላውን ወገን ድገሙ።

8. የጆሮዋ ሥር ላይ ያለውን ሹል ማዕዘን ሞልታችሁ ክብ አድርጉት። ሹል ማዕዘን ጉልበት የሚጠራቀምበት ቦታ ስለሆነ ስብራት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ ቀዳዳውን በትራፓኖ ክፈቱ፣ ስታስሩት ከብሎኑ ሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርጉ። ከመግጠማችሁ በፊት በእጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። የሚላቀቅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይላቀቅ።

🧪 ኤቢኤስ ከሆነ

ይህ ይቀላል። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ቅራፊ በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ አሴቶን ጨምሩና አሳድሩት። ሲወፍር ስብራቱ ላይ በስሱ ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙ። አሴቶኑ የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚያሟሟው ሁለቱ አካላት አንድ ይሆናሉ። ወፈር ብሎ ከተቀባ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ስለሚሆን ለቀናት አቆዩት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ፤ «ያለ አሴቶን» የሚል አይሠራም። እሳት አጠገብ አትክፈቱት።

ለሚቸኩል ሰው ሱፐር ግሉና ቤኪንግ ሶዳ አለ። ሶዳውን ነስንሶ ማጣበቂያውን ጠብ ማድረግ ነው፤ በሰከንዶች ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ዓይን የሚያቃጥል እንፋሎትም ያወጣል። እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ስለማይተጣጠፍ ግን ለቆመች ጆሮ እንጂ ለምትታጠፍ ምላስ አይሆንም።

🧩 ቁራጯ ከጠፋችስ?

የቀኙ ከተሰበረ የግራው ጓደኛው አለ፤ ቅርጹን ከእሱ አጥኑ። ለብሎን ጆሮ እኔ የምመርጠው ስስ የአሉሚኒየም ጥፍጥፍ ነው። በመቀስ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ጤነኛው ፕላስቲክ ላይ በሁለት አጫጭር ብሎንና ዳዶ አስራለሁ። ዕድሜው ከማንኛውም ማጣበቂያ ይበልጣል። መጀመሪያ ግን ብሎኑ ወደ መብራቱ ውስጥ እንዳይገባ አረጋግጡ፤ ከገባ ውኃ ይከተለዋል።

ኤፖክሲ ፒፒ ላይ መጠቀም ግድ ከሆነ ገጹን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ የላይተር ነበልባል ሳይቆም አሳልፉበት፣ በስብራቱ ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ብሱ። ነበልባሉ የሰሙን ጠባይ ይቀንሳል፤ ፋብሪካዎችም ፓራውልት ከመቀባታቸው በፊት ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማሉ። ኤፖክሲው በቀዳዳዎቹ አልፎ ወዲያ ማዶ ሲደርቅ እንደ ሪቬት ይይዛል። ለ24 ሰዓት አትንኩት። ተራ ኤፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ስለሚጀምር ሞተር አጠገብ አትመኑት።

⛔ የማይነካ

ኤርባግ የሚወጣበትን ማንኛውንም ሽፋን በማጣበቂያ አትጠግኑ። መሪው መሃል፣ ከተሳፋሪው ፊት ያለው ክሩስኮት፣ የመጋረጃ ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ደግሞ በመስኮቶች መካከል ያለው ምሰሶ ሽፋን። እነዚህ በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ጉልበት እንዲከፈቱ የተሠሩ ናቸው። የተጣበቀ ሽፋን ኤርባጉን ሊያግደው ወይም ተገንጥሎ ሰው ላይ ሊወነጨፍ ይችላል። እዚህ ላይ አዲስ ክሊፕ ወይም አዲስ ሽፋን ይገዛል፤ ድርድር የለውም።

የመብራት ጆሮ የጠገነ ሰው ደግሞ ማታ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁሞ የሁለቱን መብራት ከፍታ ያመዛዝን። አንዱ ሽቅብ ካየ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

🛠 እንዳይሰበር

ብዙ ጆሮ የሚሰበረው በግጭት ሳይሆን በጥገና ቀን ነው። በካቻቢቴ ፈልቅቆ መሳብ ልማድ ሆኗል። ፀሐይና ዕድሜ ያደረቁት ፕላስቲክ በጠዋት ብርድ ሲሳብ ይሰበራል፤ ረፋድ ላይ ሥሩት፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። ብረቱን ትታችሁ ሰፊ የፕላስቲክ ማንሻ ያዙ፣ ከክሊፑ አጠገብ ግቡ፣ የተደበቀ ቪቴ እንዳለ አስቀድማችሁ ፈልጉ። አንዱ ወገን እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ፤ ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው።

የእናንተ ዕቃ በየትኛው መንገድ እንደሚጠገን ካጠራጠራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትልኩ ግን የስብራቱን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ከጀርባው የታተሙትን ፊደላትም አንሱ፣ ጆሮዋ በብሎን የምትታሰር ወይም ታጥፋ የምትገባ መሆኗንም ጨምሩበት። ያለ እነዚህ ሁለት «በምን ላጣብቀው?» ብትሉኝ መልስ የለኝም።