በበረዶ ወራት የማኮብኮቢያ ሪፖርት ምን ያህል ይታመናል?

አንድ አብራሪ በበረዶ ወራት ከማረፉ በፊት ከሚደርሱት መረጃዎች ዋነኛው የማኮብኮቢያውን ሁኔታ የሚገልጸው ሪፖርት ነው። አብራሪው የሚያርፍበትን አስፋልት በቅርበት የሚያየው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ሲሆን፣ ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን የሚያረጋግጠው ደግሞ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። በመሆኑም ለማረፍ ወይም ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ የሚወስነው መሬት ላይ ያለ ባለሙያ በላከው መረጃ ላይ ተመስርቶ ነው።

ይህ መረጃ ግልጽና አስተማማኝ ካልሆነ የሚያስከትለው ጉዳት ከበርካታ ዓመታት በፊት በአሜሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 8 ቀን 2005 ምሽት ከባልቲሞር የተነሳ የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በረዶ እየጣለ በቺካጎ ሚድዌይ አውሮፕላን ማረፊያ ቢያርፍም፣ በማኮብኮቢያው ላይ ሊቆም አልቻለም። አውሮፕላኑ አጥር ጥሶ በመውጣት ከግቢው ውጭ በነበረ መንገድ ላይ አንድ መኪና ገጭቷል። በመኪናው ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕጻን ሕይወቱ አልፏል።

አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ለአደጋው መንስኤ የሆነው አብራሪዎቹ የሞተሩን ግፊት በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞር ፍጥነት የሚቀንሰውን ሥርዓት በወቅቱ አለመጠቀማቸው መሆኑን አስታውቋል። ይሁንና ምርመራው የመረጃ ጉድለትንም አመልክቷል። ለአብራሪዎቹ የደረሰው ሪፖርት የፍሬን አያያዙ በማኮብኮቢያው የመጀመሪያ አጋማሽ መጠነኛ፣ በቀሪው አጋማሽ ደግሞ ደካማ መሆኑን የሚገልጽ ድብልቅ ሪፖርት ነበር። ኮምፒውተሩም የፍሬን አያያዙ ደካማ ቢሆን እንኳ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ሊያልቅ ከ15 ሜትር ያነሰ ርቀት ሲቀረው እንደሚቆም አሳይቶ ነበር። ይህ ስሌት ግን ከኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ ከነበረው አሳንሶ የወሰደ ነበር።

በወቅቱ ስለማኮብኮቢያ ሁኔታ መረጃ የሚገኝባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች በዓይን አይተው የሚሰጡት መግለጫ፣ ሁለተኛው በተሽከርካሪ የሚከናወን የሰበቃ ልኬት፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀድመው ያረፉ አብራሪዎች የሚሰጡት አስተያየት ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ድክመት ነበረባቸው።

የዓይን መግለጫው ወጥ ቃላት ስላልነበሩት ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። የመለኪያ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥርም በተለይ በእርጥብ በረዶና ውሃ ባዘለ በረዶ ላይ ከአውሮፕላን የፍሬን አያያዝ ጋር በቀጥታ አይዛመድም። የኖርዌይ የአደጋ ምርመራ ቦርድ እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የልኬት ቁጥሮች ከሚታሰበው በላይ እርግጠኝነት የሚጎድላቸው መሆኑን አመልክቷል። ጥናቱ በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ያለው ልዩነት 3 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ማኮብኮቢያው ከተለካው የበለጠ ሊያንሸራትት እንደሚችልም አስገንዝቧል።

የአብራሪዎች አስተያየት በበኩሉ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነትና እንደ አብራሪው ልምድ የሚለያይ ሲሆን፣ በረዶ እየጣለ ባለበት ሰዓት በደቂቃዎች ውስጥ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። እ.ኤ.አ ማርች 5 ቀን 2015 በኒውዮርክ ላጓርዲያ የዴልታ አየር መንገድ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ በውሃው ዳር ባለው የአፈር ክምር ላይ ሲቆም፣ ቀድመው ያረፉ አብራሪዎች የፍሬን አያያዙ ጥሩ መሆኑን ገልጸው ነበር። የደህንነት ቦርዱ ለዚህ አደጋ መንስኤ አድርጎ የጠቀሰው አብራሪው ከመጠን ያለፈ ተቃራኒ ግፊት በመጠቀሙ አውሮፕላኑን በአቅጣጫው መቆጣጠር ያልቻለ መሆኑን ነው።

እነዚህን ችግሮች ለመፍታት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ አዲስ የሪፖርት አሠራር በሥራ ላይ አውሏል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ደግሞ ተመሳሳይ ወጥ አሠራር እ.ኤ.አ ከኖቬምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን አድርጓል።

በአዲሱ አሠራር መሠረት ማኮብኮቢያው በሦስት እኩል ክፍሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 ባለው ቁጥር ይገለጻል። 6 ደረቅ፣ 5 እርጥብ ወይም ውርጭ የያዘ፣ 2 ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ወይም ውሃ ያዘለ በረዶ የተኛበት፣ 1 ግግር በረዶ፣ 0 ደግሞ ውሃ ያረፈበት ግግር በረዶ መሆኑን ያመለክታል። ለምሳሌ "5፣ 5፣ 2" የሚል ሪፖርት የደረሰው አብራሪ፣ ለማቆም ይበልጥ በሚያስፈልገው የመጨረሻ ክፍል ላይ ፍሬኑ በሚገባ ላይዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይረዳል። አብራሪዎች የሚሰጡት አስተያየትም ከዚሁ ሰንጠረዥ ጋር እንዲናበብ ተደርጓል።

አሠራሩ የባለሙያን ውሳኔ አላስቀረም። ገምጋሚው ሁኔታው ሰንጠረዡ ከሚያመለክተው የከፋ መስሎ ከታየው ቁጥሩን ዝቅ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። ከፍ ማድረግ ግን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች የታሰረ ሲሆን፣ 0 ወይም 1 የተሰጠው ክፍል በልኬት ቢደገፍም ከ3 በላይ ሊሻሻል አይችልም። በዚህ ረገድ ጥርጣሬ ሲኖር ሚዛኑ ወደ ጥንቃቄ እንዲያደላ ተደርጓል። ለአብራሪዎች የሚሰራጨው የበረዶ ማስታወቂያ የሚያገለግልበት ጊዜም ቀድሞ ከነበረው 24 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ዝቅ ብሏል።

ሥርዓቱ ለኢትዮጵያም ፋይዳ ያለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልምና ቺካጎ ባሉ በረዶ በሚጥልባቸው ከተሞች የሚያርፍ በመሆኑ አብራሪዎቹ እነዚህኑ ቁጥሮች ይጠቀማሉ። በተጨማሪም አሠራሩ በረዶን ብቻ ሳይሆን ዝናብንም የሚያካትት በመሆኑ፣ በክረምት ዝናብ በማኮብኮቢያ ላይ የሚተኛ ውሃ በዚሁ መመዘኛ ይገመገማል።

ወጥ ሰንጠረዥ መኖሩ ብቻውን ግን ሪፖርቱን አስተማማኝ አያደርገውም። አስተማማኝነቱ የሚወሰነው የሠለጠነ ባለሙያ በሰዓቱ ማኮብኮቢያው ላይ ወጥቶ ያየውን በትክክል በመመዝገቡ፣ ሁኔታው ሲለወጥ ሪፖርቱን ወዲያውኑ በማደሱና በረራ እንዳይዘገይ በሚል ቁጥሩን ባለማሳመሩ ነው። በሚድዌይ እንደታየው የአንድ ማረፍ ውጤት በአውሮፕላኑ ውስጥ ባሉት መንገደኞች ላይ ብቻ አይወሰንም፤ በአጥሩ ማዶ የሚያልፈውንም ሰው ይመለከታል።