ከፓይኑ ሥር ያለው አሸዋ

ጁን 2025 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮንሰርቬሽን ፈንድ የተባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ በጆርጂያ ግዛት ከ3 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ገዛ። መሬቱ ጎብኚ የሚያቆም ነገር የለውም። ብዙው ክፍል ለጣውላና ለወረቀት ተብሎ በረድፍ የተተከለ ፓይን ነው፤ በእኛም አገር ተራሮች ላይ ለጣውላ የሚተከለው ዛፍ ዘመድ። ሻጩ ትዊን ፓይንስ ሚነራልስ የተባለ የአላባማ ኩባንያ ሲሆን፣ ቦታውን የያዘው ታይታኒየም ሊያወጣበት ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ ለዚህ መሬት ለምን እንደወጣ ለመረዳት ከዛፉ ይልቅ ዛፉ የቆመበትን አሸዋ ማየት ያስፈልጋል።

ጆርጂያ ስንል አትላንታ ያለችባትን፣ ብዙ ወገኖቻችን የከተሙባትን ግዛት ነው። በግዛቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከፍሎሪዳ ድንበር ላይ ኦኬፌኖኪ የሚባል ሰፊ ረግረግ አለ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1937 የዱር እንስሳት መጠለያ አድርገው ከልለውታል፤ ዛሬ መጠለያው ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ውሃው በብዛት ከዝናብ የሚገኝ፣ ከቅጠል ብስባሽ የተነሳ እንደ ሻይ የጠቆረ ነው። አዞ መሰሉ አሊጌተር፣ ጥቁር ድብና ሽመላ ይኖሩበታል። ከዚህ ረግረግ ሁለት ወንዞች ይነሳሉ፦ ሱዋኒ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሴንት ሜሪስ ወደ አትላንቲክ ይፈስሳሉ።

ረግረጉን በምሥራቅ በኩል የሚያቅፈው ትሬይል ሪጅ ነው። የጥንት የባሕር ዳርቻ የነበረ፣ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ዝቅ ያለ የአሸዋ ሸንተረር ነው። ረግረጉን ገበቴ ብንለው ሸንተረሩ ከንፈሩ ነው። በ1891 ሱዋኒ ካናል የተባለ ኩባንያ ይህን ከንፈር ቆርጦ ረግረጉን ለማድረቅና ለእርሻ ለማዋል ተነሳ። አሸዋው ግን እየተናደ አስቸገረ፤ ኩባንያውም ከስሮ ተበተነ። የሸንተረሩን ጥቅም ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም።

በዚያው አሸዋ ውስጥ ኢልሜናይት፣ ሩታይልና ዚርኮን የሚባሉ ከባድ ማዕድናት ተሰባጥረው ይገኛሉ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚገኘው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ለቀለም፣ ለወረቀትና ለፕላስቲክ ንጣት ይሰጣል። ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በፍሎሪዳው የሸንተረሩ ክፍል ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያወጣው ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ወደ ረግረጉ ጠርዝ ተጠግቶ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ለመቆፈር አቀደ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብሩስ ባቢት ሳይቀሩ ተቃወሙ። ኩባንያው ዕቅዱን ትቶ በ2003 ወደ 6,500 ሄክታር የሚጠጋውን መሬት ለኮንሰርቬሽን ፈንድ በስጦታ ሰጠ። ነገሩ ያኔ ያለቀ መስሎ ነበር።

ትዊን ፓይንስ በ2019 ሲመጣ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ የሚናቅ አልነበረም፤ ቦታው የእንጨት እርሻ እንጂ ጥንታዊ ደን አይደለም። እውነት ነው። አንድ ዘመን ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካን 36 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን የነበረው ረጅም ቅጠል ያለው ፓይን ተጨፍጭፎ ጥቂት በመቶው ብቻ ቀርቷል። ያ ደን እሳት የለመደ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ዝቅ ያለ እሳት ሲያልፍበት ቁጥቋጦው ይቃጠላል፣ ሣሩ ይለመልማል፤ ችግኙም ሣር መስሎ ሥሩን እየሰደደ እሳቱን ያሳልፋል። ቀይ ላባ ያለው ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው በሕይወት ባለ አሮጌ ፓይን ግንድ ነው። ከቀዳዳው ዙሪያ የሚንጠባጠበው ሙጫ እባብ እንዳይወጣ ይከለክልለታል። ለጣውላ የተተከለ ፓይን ግን ለዚህ ዕድሜ ሳይደርስ ይቆረጣል።

ጎፈር የተባለው የየብስ ኤሊ ከግንደ ቆርቁሩ ይልቅ ቻይ ነው። ደረቅ አሸዋና ሣር ካገኘ ብዙ ሜትር የሚረዝም ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱን ከ350 በላይ ሌሎች የእንስሳት ዓይነቶች ይጠለሉበታል፤ ከነሱም አንዱ በአሜሪካ ረጅሙ አገር በቀል እባብ ኢንዲጎ ነው፤ ከ1978 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል። ማዕድን ሲወጣ ኤሊዎቹን ሰብስቦ ሌላ ቦታ ማስፈር የተለመደ ነው። አሸዋውን ግን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

ክርክሩ በትክክል የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። በአሸዋው ውስጥ ውሃን የሚያዘገዩ የጠቆሩና የጠነከሩ ንብርብሮች አሉ። ዕቅዱ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ፣ ማዕድኑን ለይቶ፣ የቀረውን መልሶ መሙላት ነበር። መሬቱ ይሞላል፤ ንብርብሩ ግን ይደበላለቃል። በዚያ ላይ በቀን ከ5 ሚሊዮን ሊትር በላይ ከጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ሊቀዳ ነበር። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው የውሃ ሳይንቲስት ሬት ጃክሰን በረግረጉ የሚከሰተው ከባድ ድርቅ በሦስት እጥፍ ይጨምራል ሲሉ፣ ኩባንያውና የግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ተጽዕኖው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አሉ። የረግረጉ አፈር ብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ብስባሽ በመሆኑ ውሃው ከሸሸው ራሱ ማገዶ ይሆናል። ይህ እሳት ፓይኑን የሚጠቅመው ዓይነት አይደለም፤ መሬት ውስጥ ገብቶ ለወራት ይጤሳል። በ2017 የተነሳው ቃጠሎ ከ60 ሺህ ሄክታር በላይ አዳርሷል።

የሚገርመው ነገሩ ለዓመታት የተወሰነው በውሃው ሳይሆን በሥልጣን ክልል ነው። በ2020 የፌዴራሉ የውሃ ጥበቃ ደንብ ሲጠብ፣ ደንቡን የሚያስፈጽመው የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ጓድ በቦታው ላይ ያለውን ሥልጣን ተወ። በ2022 መልሶ ያዘ፤ ኩባንያው ሲከስስ እንደገና ለቀቀ። ውሳኔው ለግዛቲቱ ቀረ፤ እሷም በ2024 መጀመሪያ ረቂቅ ፈቃድ አወጣች። የሕዝብ የተቃውሞ አስተያየት በብዙ አሥር ሺህ ጎረፈ። ቦታው ባለበት በቻርልተን አውራጃ ግን ሥራ ብርቅ ነውና፣ የአውራጃው ምክር ቤት ቀድሞ ድጋፉን ሰጥቶ ነበር። ይህን እንደ ድንቁርና የቆጠሩት ሰዎች ፍርዳቸው የቸኮለ ይመስለኛል፤ ረግረጉን ለማየት የሚመጣው ቱሪስት ለሁሉም ደሞዝ አይከፍልም።

የ2025ቱ ግዢ የዚህን ቦታ ጉዳይ ዘግቷል፤ የሸንተረሩን ግን አልዘጋም። ቀሪው ብዙው መሬት በግል ባለቤቶች እጅ ነው፤ ማዕድኑም በሌሎች የሸንተረሩ ክፍሎች ይወጣል። በትሬይል ሪጅ ላይ ከረግረጉ አጠገብ ቁፋሮን የሚከለክለው የኦኬፌኖኪ ጥበቃ ረቂቅ ሕግ በጆርጂያ ምክር ቤት ተደጋግሞ ቢቀርብም ከኮሚቴ ማለፍ ተስኖታል።