ሲኤንሲ ራውተር፦ እንሥራው ወይስ እንግዛው?



የምረቃ ጊዜ እየቀረበ ሲመጣ በምህንድስና ተማሪዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ሐሳብ አለ፦ «ሥራ ስንፈልግ ከምንከርም ተሰባስበን አንድ ሲኤንሲ ራውተር ለምን አናቆምም?» የሚል። ሐሳቡ መልካም ነው። የበር ጌጥ፣ የቲቪ ማስቀመጫ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ሰሌዳ፣ ይህ ሁሉ በዚህ ዓይነት ማሽን ይሠራል። ከባዱ ጥያቄ ግን ቀጥሎ ይመጣል። ማሽኑን ራሳችን እንሥራው ወይስ ተሠርቶ ያለቀውን እንግዛው? በዚህ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የእኛ አይደለም። የወላጅ ነው፣ የታላቅ ወንድም ነው፣ ወይም ዐረብ አገር ደክማ የላከች እህት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በስሜት ሳይሆን በስሌት ብንመልሰው ይሻላል።

ራውተር ስንል የዋይፋዩን ማለታችን አይደለም። በፍጥነት የሚሽከረከር ቢላ ይዞ እንጨት፣ ኤምዲኤፍ፣ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም አልሙኒየም የሚቀርጽ ማሽን ነው። «ሲኤንሲ» የሚለው ደግሞ እንቅስቃሴው በኮምፒውተር ቁጥር የሚመራ መሆኑን ይገልጻል። እኛ በኮምፒውተር የሣልነው ሥዕል ጂ-ኮድ ወደሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ይለወጣል። ማሽኑም ትእዛዙን ተከትሎ ቢላውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ያንቀሳቅሰዋል።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ነገር ይታወቅ

«የትኛው ማሽን ይሻላል?» ከሚለው በፊት «ምን ልንቆርጥበት ነው?» የሚለው መቅደም አለበት። በገበያ ላይ ያሉ ማሽኖች ስማቸው ራሱ ይህን ይነግረናል። 3018 የሚባለው ትንሽ ማሽን የሥራ ስፋቱ 30 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው። 6040 የሚባለው 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። 1325 የሚባለው የፋብሪካ ማሽን ደግሞ 1.3 በ2.5 ሜትር ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው መደበኛ የኮምፔርሳቶ ወይም የኤምዲኤፍ ሉህ ሙሉውን እንዲተኛበት ታስቦ ነው።

የኤሌክትሪካል ተማሪ ለፕሮጀክቱ ሰርኪት ሰሌዳ መቅረጽ ከፈለገ 3018 ይበቃዋል። በ3018 ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ እየቆረጠ የቤት ዕቃ መሸጥ የሚያስብ ግን አቅሙን ከማይችል ማሽን ጋር ሲታገል ይከርማል።

ጉዳዩ ያለው ሞተሩ ላይ ሳይሆን አካሉ ላይ ነው

ብዙዎቻችን ስለ ሲኤንሲ ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የቀለለው እሱ ነው። ገርብል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ተራ አርዱይኖ ኡኖ ላይ ተጭኖ ሦስት ስቴፐር ሞተሮችን ይመራል። ሒሳቡም አስቸጋሪ አይደለም። አንድ የተለመደ ስቴፐር ሞተር በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፍለው 3,200 ይሆናል። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቦልስክሩ ከገጠምን 3,200 ለ5 ሲካፈል 640 ነው። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ 640 ምት ያስፈልጋል ብለን ለገርብል እንነግረዋለን፤ በቃ።

የማሽኑን ጥራት የሚወስነው አካሉ ነው። ቢላው እንጨቱን ሲገፋ እንጨቱም ቢላውን መልሶ ይገፋዋል። አካሉ ከጎበጠ ቢላው ከመስመሩ ይወጣል። ሁለተኛ ዓመት የተማርነውን የምሰሶ መጉበጥ ቀመር እዚህ ብንጠቀምበት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ውፍረታቸው 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ክብ የብረት ዘንጎች ዳርና ዳራቸው ላይ ብቻ ተይዘዋል እንበል። መሃላቸው ላይ 50 ኒውተን፣ ማለትም የ5 ኪሎ ክብደት ያህል ቢያርፍ፣ ርዝመታቸው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎብጣሉ። ርዝመቱን ወደ 120 ሳንቲ ሜትር ስናሳድገው ጉብጠቱ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ሆኖ 1.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። «ትንሽ ሰፋ አድርገን እንሥራው» የሚለው ቀላል የሚመስል ሐሳብ ማሽኑን የሚገድለው ለዚህ ነው።

አሁን በዘንጎቹ ፋንታ 80 በ80 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቱቦላሬ እናስገባ። በዚያው በ120 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና በዚያው ጭነት የሚጎብጠው 0.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክብደቱም 9 ኪሎ አይሞላም። ይህ ቱቦላሬ የሰፈር በያጅ በየቀኑ ለበርና ለመስኮት ከሚቆርጠው ብረት የተለየ አይደለም።

ደካማ አካል ሌላም መዘዝ አለው። ሁለት ጥርስ ያለው ቢላ በደቂቃ 18,000 ዙር እየዞረ እያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር እንጨት እንዲነክስ ከፈለግን ማሽኑ በደቂቃ 1,800 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረን ፍጥነቱን ወደ 600 ብናወርደውና የቢላውን ዙር እንዳለ ብንተወው፣ ጥርሱ መንከሱን ትቶ ይፈትጋል። እንጨቱ ይጠቁራል፤ ቢላውም ቶሎ ይደንዛል።

የመሥራት እውነተኛ ዋጋ

ለመሥራት የሚያስብ ሰው የዕቃዎቹን ዋጋ ደምሮ «ከተሠራው በግማሽ ይረክሳል» ይላል። ድምሩ ውስጥ የማይገቡት ግን ብዙ ናቸው። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያስፈልጉ መለኪያዎች፣ ቶርኖ ቤት የሚከፈለው፣ ተቃጥሎ የሚተካው ድራይቨር፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ። ፈተናና ፕሮጀክት ያለበት ተማሪ በሳምንት ከጥቂት ሰዓት በላይ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ብየዳም የራሱ ጠባይ አለው። ብረት ሲበየድ በሙቀት ይሳባል፤ ቀጥ ብሎ የገባው ተጣሞ ይወጣል። ስለዚህ አካሉ ከተበየደ በኋላ ሊኒየር ሬይሉ የሚቀመጥበት ገጽ ተለክቶ፣ ከሥሩ ስስ ላሜራ እየተደረገ መስተካከል አለበት። ሁለቱ ሬይሎች እኩል ካልሆኑ መንሸራተቻው ይይዛል። አራት ማዕዘኑን ለመፈተሽ ደግሞ ሁለቱን ሰያፎች መለካት በቂ ነው፤ ጎኖቹ እኩል ሆነው ሰያፎቹ ካልተስተካከሉ ማዕዘኑ ጠሟል ማለት ነው።

በተቃራኒው የሠራ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያተርፋል፤ ማሽኑ ሲቆም ለምን እንደቆመ ያውቃል። ያለቀ ማሽን የገዛ ሰው መቆጣጠሪያው ሲበላሽ አስመጪውን ይለምናል፤ አስመጪው መለዋወጫ ከሌለው ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

የመግዛት እውነተኛ ዋጋ

የሚገዛ ሰውም የሚያየው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የማጓጓዣ ወጪ አለ፣ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። ታክሱ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ቀረጡ ከተደመሩ በኋላ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ዛሬ በብር ያሰላነው ዋጋ ዕቃው እስኪደርስ ሊለወጥ ይችላል።

ልብ እንበል፤ የማሽኑ አብዛኛው ክብደት ብረት ነው። ያለቀ ማሽን ከውጭ ስናስመጣ የምናጓጉዘው በአመዛኙ እዚሁ የሚገኘውን ብረት ነው ማለት ነው። እዚህ ልንሠራቸው የማንችላቸው ቦልስክሩ፣ ሊኒየር ሬይል፣ ስቴፐር ሞተር፣ ድራይቨርና ስፒንድል ግን ከአካሉ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ

ስለዚህ «እንሥራ ወይስ እንግዛ» የሚለው ጥያቄ ማሽኑን እንደ አንድ ዕቃ ስለሚያይ ያሳስታል። ማሽኑን ለሁለት ብንከፍለው መልሱ ይቀላል፦ ከባዱንና የሚበየደውን እዚህ እንሥራ፣ ቀላሉንና በጥንቃቄ የሚለካውን እንግዛ። ፕሪንትኤንሲ የተባለው በነፃ የተለቀቀ ንድፍ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ አካሉ ተራ ቱቦላሬ ሲሆን ትክክለኛነቱን የሚያገኘው ከተገዙት ሬይሎችና ቦልስክሩዎች ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። ሞተር ስንገዛ «ኔማ 17» ወይም «ኔማ 23» የሚለው ቁጥር የጉልበት ሳይሆን የሞተሩ ፊት ስፋት ነው፤ 1.7 ወይም 2.3 ኢንች ማለት ነው። ጉልበቱን ለማወቅ ቶርኩ መነበብ አለበት። እንዲሁም በዋጋ የሚረክሰው ሊድስክሩ በዘንጉና በዳዶው መካከል ክፍተት ይኖረዋል። አቅጣጫ በሚለወጥበት ጊዜ ይህ ክፍተት ክብ የነበረውን ቅርጽ ያጣምመዋል። ቁጠባው እዚህ ላይ ባይሆን ይመረጣል።

ቤት ውስጥ ስናስገባው

የ1.5 ኪሎ ዋት ስፒንድል በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ ባይሆን ይሻላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል። መነሻ ማብሪያ ማጥፊያዎች ከተገጠሙለት ግን መብራት ሲመለስ ወደ መነሻው ሄዶ ይነካል፤ ገርብል የሥራውን ዜሮ ነጥብ በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝ ሥራው ከቆመበት አካባቢ ሊቀጥል ይችላል። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ማንም ሳይገጥማቸው እንዳይቀር።

ብናኙን ማቃለል አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። መምጠጫና ማስክ የግድ ነው፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ማሽኑ የተለየ ክፍል ያስፈልገዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ ደግሞ ጩኸቱ የጎረቤት ሐቅ መሆኑን አንርሳ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚዞር ቢላ እንጨት ሊያቃጥል ስለሚችል ማሽኑን እየሠራ ትቶ መውጣት አይቻልም። ረጅም ሥራ ወደ ትንንሽ ፋይሎች ቢከፈል፣ ሶላት ሲደርስ አንዱ አልቆ ሌላው ሳይጀመር ማጥፋት ይቻላል።

ገንዘቡን ከማውጣት በፊት

መጀመሪያ ማሽን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ሄደን ንድፋችንን ከፍለን እናስቆርጥ። የተሠራውን ሸጠን እንይ። ከተሸጠ ቀላል ስሌት እንሥራ፦ የማሽኑን ጠቅላላ ወጪ፣ ለሌላ ሰው ባለመክፈላችን በአንድ ሥራ በምናተርፈው ገንዘብ እናካፍለው። ለምሳሌ ያህል ወጪው 200,000 ብር ቢሆንና በአንድ ሥራ 800 ብር ብናተርፍ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ250 ሥራ በኋላ ነው። በሳምንት 5 ሥራ ከመጣ 50 ሳምንት ነው። በሳምንት አንድ ብቻ ከመጣ ግን አምስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያኔ እያስቆረጡ መሥራቱ ይሻላል።

በጋራ ከሆነ ደግሞ ውሉ ከማሽኑ ይቅደም። በሙሻረካ ትርፍ በተስማማንበት ድርሻ፣ ኪሳራ ደግሞ በየካፒታላችን መጠን ይከፈላል። ገንዘብ ያላዋጣ፣ ጉልበቱን ብቻ የሰጠ ጓደኛ ካለ የእሱ ድርሻ ለብቻ ይጻፍ። አንዱ ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ድርሻው እንዴት እንደሚገመት አስቀድሞ ይወሰን። ወለድ ውስጥ ላለመግባት ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮችን ስለ ሙራበሃ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ውሉ ዝርዝርም ዐዋቂ ኡስታዝ ማማከር ተገቢ ነው።

በአጭሩ፣ ማሽኑን የምንፈልገው ልንማርበት ከሆነ እንሥራው፤ ትንሽም ቢሆን፣ ቀስ እያለም ቢሆን ትምህርቱ ዋጋውን ያወጣል። የቀጠርነው ደንበኛ ካለና ሥራው ከፊታችን ከተደረደረ፣ መለዋወጫና ጥገና እዚሁ ካለው አስመጪ ያለቀውን እንግዛ። በሁለቱ መካከል ላለን ግን በያጁ ጎረቤታችን ነው፣ ቱቦላሬውም ገበያ አለ፤ ከውጭ የምናስመጣው ልንሠራው የማንችለውን ብቻ ይሁን።

አላህ ሥራችንን ያሳካልን፣ በሪዝቃችንም በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።